ለኤሲሲኤ የትኛውን ኢሌክቲቭ ልውሰድ ላልሽው ልጅ

ሰላም እህቴ። "ድሬ አካውንቲንግ ሦስተኛ ዓመት ነኝ፣ ዲፓርትመንቱ ታክስ፣ አይኤፍአርኤስ (ዓለም አቀፉ የሂሳብ ሪፖርት ደረጃ)፣ አድቫንስድ ኦዲት፣ ሪስክና ኢንሹራንስ፣ ፕሮጀክት አናሊሲስ ብሎ ዘርዝሮ ሁለት ምረጡ አለን፣ ለኤሲሲኤ (ለእንግሊዞቹ የአካውንታንት ማኅበር ፈተና) ሚጠቅመኝ የቱ ነው" ብለሽ የጠየቅሽውን አይቼ ነው። ቀላሉን ወስደሽ ጂፒኤሽን ጠብቂ እያሉ የመከሩሽን ተያቸው አቦ፣ ግማሾቹ ፈተናውን በሩቁም አላዩትም። እኔ እዚሁ ድሬ ነው የተማርኩት፣ ቀን ከዚራ ሰፈር ቢሮ እየሰራሁ ማታ በኤክስቴንሽን፣ አንቺም እንደዛው ነሽ ብዬ ልውሰደው። ኤፍ ሌቭሉን (የመጀመሪያዎቹን ፈተናዎች) ጨርሼ አሁን ፒዎቹ (የመጨረሻዎቹ አራት) ላይ ነኝ፣ ኤፍ 7ን (የፋይናንሺያል ሪፖርቲንጉን) ደግሞ ባንዴ ነው ያለፍኩት፣ ቲቶሪያል ሳልገባ፣ ይቺን ሳልናገር አላልፍም። አስራ ሦስት ወረቀት (ፈተና ማለት ነው) ነው፣ ማለፊያው 50 ነው ምናምን የሚለውን ታውቂዋለሽ፣ እዘለዋለሁ።

1. ለኤሲሲኤ ብለሽ ከሆነ ታክሱን አትውሰጂ። ሰው ሁሉ "ታክስ እኮ ወረቀት አለው" ይልሻል፣ አዎ አለው፣ ግን እኔ የተፈተንኩት ኤፍ 6 የእንግሊዝ ታክስ ነው። ክላስ ላይ የኛን የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008ን በቃልሽ ብትይዢው እዛ አንድ ነጥብ አያመጣልሽም። የእነሱ የግብር ዓመት ኤፕሪል 6 ጀምሮ ኤፕሪል 5 ነው ሚያልቀው፣ ናሽናል ኢንሹራንስ ሚባል ነገር አለ፣ ሰው ሲሞት ውርሱ ላይ ሚከፈል ታክስ አለ፣ ሁሉንም ከዜሮ ነው ምትጀምሪው። ለስራ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፣ መጋላና ታይዋን ገበያ ያለ ነጋዴ ሁሉ ገቢዎች ሄዶ ሚከራከርለት ሰው ነው ሚፈልገው፣ እንጀራ ይሆንሻል። የኛ ንግድ ህግም ለኤፍ 4 (ለህጉ ወረቀት) እንደዛው ነው፣ ብዙ አይጠቅምም።

2. አይኤፍአርኤስ ሚለውን ውሰጂ፣ ግን ሃንድአውቱን በዓይንሽ ሳታዪ እንዳትመዘገቢ። የኮርሱን ስም አይተሽ ብቻ እንዳትሸወጂ። ከኛ በላይ ያለው ባች "አይኤፍአርኤስ" ተብሎ የወሰደው ኮርስ ሃንድአውቱ ፎቶኮፒ ተደርጎ ተደርጎ ፊደሉ የደበዘዘ ነበር፣ ስገልጠው ሊዝ (ኪራይ) ላይ አሁንም የድሮው አይኤኤስ 17 ነው፣ ኦፕሬቲንግ ሊዝ ከሆነ ኪራዩን ወጪ አድርጎ መጻፍ ነው ይላል። አይኤፍአርኤስ 16 እኮ ከ2019 ጀምሮ በስራ ላይ ነው፣ ተከራዩ የመጠቀም መብቱን ንብረት፣ የሚከፍለውን ደግሞ ዕዳ አድርጎ ባላንስ ሺት ላይ ማስገባት አለበት፣ ከአጭር ጊዜና ከጥቃቅን ዕቃ ኪራይ በስተቀር። ኢንቬንተሪ ላይ ደግሞ ላይፎን (መጨረሻ የገባው ዕቃ መጀመሪያ ወጣ ብሎ መቁጠርን) በሦስት ገጽ ያስተምራል፣ አይኤኤስ 2 ላይፎን ከልክሎታል! የአሜሪካ መጽሐፍ ገልብጠው ርዕሱን ቀይረው ነው ሚሰጡሽ። ስለዚህ ሃንድአውቱን ስትይዢ ሊዙንና ኢንቬንተሪውን እዪ፣ ከዛ ኮንሶሊዴሽን (የፓረንትን፣ ማለት የእናት ድርጅትን፣ እና በስሯ ያለችውን ሰብሲደሪ ሂሳብ እንደ አንድ ማዋሃድ) መኖሩን እዪ። ኮንሶሊዴሽን ከሌለው ተይው። ለምሳሌ ፓረንቷ በ1,000,000 ብር የገዛችውን ዕቃ ለሰብሲደሪዋ በ1,250,000 ሸጠች፣ ዓመቱ ሲዘጋ ግማሹ ዕቃ ገና መጋዘን ነው፣ ስንት ነው ምትቀንሺው? ትርፉ 250,000 ነው፣ ግማሹ ገና ለውጭ ሰው አልተሸጠም፣ ስለዚህ 125,000 ከኢንቬንተሪውም ከትርፉም። ይሄን ተኝተሽም ቢሆን መመለስ አለብሽ፣ ኤፍ 7 ላይ መጨረሻ ያሉት ሁለቱ ጥያቄዎች እያንዳንዳቸው 20 ነጥብ ናቸው፣ ኮንሶሊዴሽን ካልቻልሽ እዛ ጋ ነው ምትወድቂው።

3. ሁለተኛው ኦዲቱ ይሁን። ኦዲት ቀላል ነው ሚሉሽ ምርጫ እያከበቡ ያለፉ ናቸው፣ የኦዲቱ ወረቀት ኤፍ 8 ግን 70 ነጥቡ ጽሁፍ ነው፣ የአንድ ድርጅት ታሪክ ይሰጥሽና ሪስኩን ለይተሽ ኦዲተሩ ምን ያድርግ ብለሽ በኮምፒውተር እየተየብሽ ነው ምትመልሺው። የኛ ልጆች ሚወድቁት እውቀት አንሷቸው ሳይሆን ጽፈው ስለማያውቁ ነው። አሳይንመንት በጽሁፍ ሚቀበል አስተማሪ ካለ ሴክሽን ቀይረሽም ቢሆን እሱ ጋ ግቢ። ፕሮጀክት አናሊሲሱም መጥፎ አይደለም፣ ለኤፍ 9 (ለፋይናንሺያል ማኔጅመንቱ) ኤንፒቪውን (የፕሮጀክት ገቢና ወጪ በዛሬ ዋጋ ሲሰላ ሚተርፈውን) ያለማምድሻል። ኤግዚት ኤግዛሙ ያስጨንቀኝ ይሆን ካልሽ እሱ ዋና ዋና ኮርሶች ላይ ነው፣ በኢሌክቲቭ አትወድቂም።

4. አሁን ዋናውን ልንገርሽ፣ ማንም ሚነግርሽ የለም። የመረጥሽው ኮርስ ትራንስክሪፕት ላይ በምን ስም እንደሚወጣ ዛሬውኑ ሄደሽ ጠይቂ። እኔ ተመርቄ ኤክዘምፕሽን (በተማርኩት ኮርስ ከፈተና ነጻ እንዲያደርጉኝ) ልጠይቅ ትራንስክሪፕቴን ለእንግሊዞቹ ስልክላቸው ኢሌክቲቮቼ ምን ተብለው ወጥተዋል መሰለሽ? "ኢሌክቲቭ 1" እና "ኢሌክቲቭ 2"። በቃ። ሚያየው ሰውዬ ስፌት ልማር ዳንስ ልማር በምን ይወቅ? ፋይሌን አንጠለጠሉና የኮርሱን ዝርዝር በማህተም አስደግፈህ ላክ አሉኝ። ሄድኩ ሬጅስትራር፣ የኮሌጁን ስም አልጠራም፣ የተማረበት ያውቀዋል። መስኮቱ ጋ ያለው ልጅ ስልኩን እያወራ ቀና እንኳን ሳይል "ሲስተሙ ነው እንደዛ ሚያወጣው" አለኝ። ሲስተሙን ማን ነው የሞላው ታዲያ? ዲፓርትመንት ሂድ፣ ዲፓርትመንት ስሄድ አስተማሪው ለቋል፣ እሱ ከለቀቀ አውትላይኑም አብሮ ለቀቀ ማለት ነው፣ ማመልከቻ ጻፍ፣ ጻፍኩ፣ ማህተሙ ዋናው ግቢ አዲስ አበባ ነው፣ ነገ ና፣ ሰኞ ና። ከሰዓት ከሄድሽማ እርሺው፣ የድሬን ከሰዓት ታውቂዋለሽ፣ ሰዉ በርጫ ላይ ነው፣ በዛ ሙቀት ኮሪደር ላይ ላብሽን እየጠረግሽ የተዘጋ መስኮት ማየት ነው። አንዱ ደግሞ በሰው ፊት "ሌላው ዲግሪውን ይዞ ዝም ብሎ ይሄድ የለ እንዴ፣ አንተ ብቻ ነህ እንዴ የተማርከው" አለኝ። የከፈልኩበት ነገር እኮ ነው ወላሂ፣ ልመና የሄድኩ አስመሰለው!

ይሄ ሁሉ ሲጎተት ሐምሌ 2016 መጣና ብሩ ገበያው ላይ ተለቀቀ። 57 አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ በላይ ሆነ፣ የኤሲሲኤ ክፍያ ደግሞ በፓውንድ ነው፣ ምዝገባው፣ ዓመታዊው፣ ፈተናው፣ ነጻ የተባልሽበት ወረቀት ራሱ ይከፈልበታል። ያ መስኮት ጋ ያለው ልጅ አንድ መስመር ቢጽፍልኝ ኖሮ በግማሹ ብር እጨርሰው ነበር። በመጨረሻ ያዳነችኝ የዲፓርትመንቱ ጸሐፊ ናት፣ እናቴ ምትሆን ሴትዮ፣ "ና ልጄ ቁጭ በል" ብላ ከካቢኔቱ ስር አሮጌ ቦክስ ፋይል አውርዳ አቧራውን አራግፋ የሁለቱንም ኮርስ አውትላይን አወጣችልኝ፣ ራሷ ይዛው ገብታ አስፈርማ አስመታችልኝ። ሌሎቹ ዘላለም የለም ያሉኝ ወረቀት ከወንበራቸው ጀርባ ነበር።

አንቺ ግን ገና ተማሪ ነሽ፣ ኮርሱን ስትጨርሺ አስተማሪው ሳይለቅ አውትላይኑን አስፈርሚ፣ ማህተም አስመቺ፣ ስካን አድርገሽ ኢሜይልሽ ላይ አስቀምጪ። ጠዋት ሂጂ። ከተቻለም ጸሐፊዋን ጠይቂ እንጂ መስኮቱን አትጠይቂ።

ስንተኛው ላይ ነበርኩ? ብቻ ኤክዘምፕሽን ስለሰጡሽም ሁሉንም ውሰጂ ማለት አይደለም፣ አልፈልግም ማለት ይቻላል። አብሮኝ የጀመረ ልጅ መሰረቱ ሳይያዝ ኤፍ 3ን (መሰረታዊውን ፋይናንሺያል አካውንቲንግ) በኤክዘምፕሽን ዘሎ ኤፍ 7 ላይ ደጋግሞ ወደቀ፣ የወደቀበት የፈተና ክፍያ ከዘለለው ይበልጣል። የመጨረሻዎቹን አራቱን ግን በምንም ዲግሪ አይለቁልሽም፣ ከነሱ ሁለቱ ደግሞ ከአራት ምርጫ ነው ሚወሰዱት። ኦዲተር ሆነሽ ከሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርዱ ፈቃድ አውጥተሽ የራስሽን ቢሮ ልክፈት ካልሽ አድቫንስድ ኦዲቱን እንዳትተዪው፣ አሁን ምትመርጪው ኢሌክቲቭ እዛ ድረስ ይከተልሻል።

የአይኤፍአርኤሱን ሃንድአውት ማውጫውን ብቻ ፎቶ አንስተሽ ኢንቦክስ ላኪልኝ፣ አይቼ ውሰጂው ወይ ተይው እልሻለሁ። ጠዋት ላኪው ብቻ፣ ከሰዓት እኔም የድሬ ልጅ ነኝ።