የአሜሪካ ሴቶች የዱቄት ጆንያ ለብሰው ያውቃሉ?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ኮምቦልቻ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሰሞኑን ልጄ በስልኳ አንድ የድሮ ፎቶ አሳየችኝ። ፈረንጅ ሴቶች አበባ አበባ ያለው ቀሚስ ለብሰው ቆመዋል። ከሥሩ ‹የዱቄት ጆንያ ቀሚስ፣ አሜሪካ› ይላል። እኔ አላመንኩም። ጆንያ ለብሶ ያደገ ማን እንደሆነ እኛ ወሎዬዎች እናውቃለን። እህሉን በጆንያ የላከችልን ደግሞ አሜሪካ ናት። ላኪዋ እንዴት ራሷ ትለብሰዋለች? እውነት ከሆነስ ምን አግኝቷቸው ነው?» (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እውነት ነው እህቴ፣ ለብሰዋል። «ጆንያ ለብሶ ያደገ» ስትዪ ደግሞ ሳታውቂ እኔን ጠርተሽኛል። በ1966 ዓ.ም. የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ሐይቅ አካባቢ። እናቴ ከእርዳታ ዱቄት ጆንያ ቁምጣ ሰፋችልኝ። መቀመጫዬ ላይ ሁለት የተጨባበጡ እጆች ነበሩ። ከእጆቹ ሥር ጽሑፍ አለ፤ ማን ያነበዋል? ስድስተኛ ክፍል ደርሼ እንግሊዝኛ ስቆጥር «ከአሜሪካ ሕዝብ የተሰጠ፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም» እንደሚል ገባኝ። ያን ጊዜ ቁምጣዋ የምጣድ ማሰሻ ሆናለች።

አንቺ ባለሙያ ስለሆንሽ ከስፌቱ ልጀምር። የዚያን ዘመን ጆንያ እንደዛሬው የላስቲክ ማዳበሪያ አይደለም፤ ጥጥ ነው። ዱቄቱም፣ ስኳሩም፣ የዶሮ መኖውም በጥጥ ጆንያ ይመጣል። ሴትዮዋ አፉ የተሰፋበትን ክር ጫፉን ይዛ ትስበዋለች። ተርተር ብሎ እስከ መጨረሻው ይወጣል። እሱም አይጣልም፤ ተጠቅልሎ ለዳንቴል ይቀመጣል። ከዚያ ጆንያውን በሳሙና ዘፍዝፋ የፋብሪካውን ማኅተም ታስለቅቃለች። አንዳንዱ ቀለም እምቢ ይላል፤ የዱቄት ስም በጀርባው ይዞ ትምህርት ቤት የሄደ ልጅ ብዙ ነው። ለአንድ ትልቅ ሰው ቀሚስ ሦስት ጆንያ ያህል ይፈጃል።

ፋብሪካዎቹ ይህን አዩና አበባና ጥለት ያለበት ጆንያ ማተም ጀመሩ። ስማቸውንም በቀላሉ በሚለቅ ቀለም አደረጉት። ለጽድቅ እንዳይመስልሽ፤ ገበያ ነው። ሚስት ባሏን ሱቅ ስትልክ ቁራጭ ጨርቅ ታስይዘዋለች። ከቁራጩ ጋር የሚገጥም ጆንያ ካላመጣ ቀሚሱ ያለ እጅጌ ሊቀር ነው። የሚገጥመው ጆንያ ደግሞ ሁሌም ከክምሩ ሥር ነው። ባለሱቁ ምን እንደሚል አስቢው።

ወደ «ምን አግኝቷቸው ነው» እንምጣ። ያገኛቸው «ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት» የሚባለው ክፉ ዘመን ነው። ሰው ሁሉ ይህን ታሪክ ከ1929 ይጀምረዋል። (ከዚህ በኋላ ዘመኑን በፈረንጆቹ እየቆጠርኩ ነው።) እኔ ከስንዴው እጀምራለሁ።

በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የአውሮፓ ገበሬ ማሳውን ትቶ ምሽግ ገባ። አውሮፓን ማብላት በአሜሪካ ገበሬ ላይ ወደቀ። «እረስ! እረስ!» ተባለ። ዋጋው ጥሩ ነው፤ ተበድሮ መሬት ገዛ፣ ተበድሮ ትራክተር ገዛ። ጦርነቱ በ1918 አለቀ። አውሮፓ ወደ ማሳዋ ስትመለስ ዋጋው ወረደ፤ ዕዳው ግን ባለበት ቆመ። በ1919 አንድ ኩንታል ስንዴ፣ በእኛ ሚዛን ሳሰላው፣ ስምንት ዶላር ገደማ ያወጣ ነበር። በ1932 አንድ ዶላር ከአርባ ሳንቲም ገደማ ገባ። ስለዚህ ከተማው ገና ሲጨፍር ገጠሩ ከስሮ ነበር።

ከተማውማ ጨፍሯል! የፎርድ መኪና በ1908 850 ዶላር ነበር፤ በ1920ዎቹ አጋማሽ ከ300 ዶላር በታች ወረደ። በ1930 ከአሥር ቤት አራቱ ሬዲዮ ነበረው። ግን በምን ተገዛ? በዱቤ! መኪናው በዱቤ፣ ሬዲዮው በዱቤ፣ የልብስ ማጠቢያው በዱቤ። አክሲዮን ሳይቀር በዱቤ ነው፤ ከዋጋው አሥር ወይም ሃያ በመቶ ከኪስ፣ ሌላው ብድር። የሰኞ ገበያ ባለሱቅ የዱቤ ደብተሩ ሲሞላ የሚያደርገውን ታውቂያለሽ። ባንኮኒው ላይ «ዱቤ ነገ» ብሎ ይለጥፋል። አሜሪካ ያን ወረቀት የለጠፈው የለም።

በጥቅምት 1929 የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ተናደ። በመስከረም 100 ዶላር ያወጣ የነበረ አክሲዮን በሐምሌ 1932 11 ዶላር ቢያወጣ ነው፤ በአማካይ ስናየው። ሆኖም አክሲዮን የነበረው ሰው ጥቂት ነው። ብዙሃኑን የፈጀው ባንኩ ነው።

የባንክ ግርግር ምን እንደሚመስል ትንሽ አውቃለሁ። ደሴ ውስጥ ስሙን የማልጠራው አንድ የቁጠባ ማኅበር ነበር፤ አስተማሪዎች እንቆጥብበት ነበር። አንድ ቀን በሻይ ዕረፍት አንዱ «ገንዘብ የለም ይባላል» አለ። «ይባላል» ነው ያለው። እኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼን ሥራ ሰጥቼ ወጣሁ። ስደርስ ርዕሰ መምህሩ ከፊቴ ተሰልፈዋል! ከሰዓት በፊት ካዝናው ተራቆተ። ማኅበሩ ሌባ ሆኖ አይደለም፤ ያስቀመጥነውን አበድሮት ነው። ሁላችንም ባንድ ቀን ካልመጣን በቀር ደኅና ነበር።

አሜሪካ ውስጥ ከ1930 እስከ 1933 ዘጠኝ ሺህ ያህል ባንኮች የወደቁት ብዙዎቹ እንዲሁ ነው። ያኔ የተቀማጭ ዋስትና የለም። ባንክሽ ከተዘጋ፣ ያጠራቀምሽው አበቃ። ገንዘብ የሌለው አይገዛም፤ ካልተገዛ ፋብሪካ ይዘጋል፤ ሲዘጋ ሠራተኛ ይባረራል። በ1933 ከአራት ሠራተኛ አንዱ ሥራ ፈት ነበር። ሰው ግን ቀልዱን አልተወም። ፕሬዚዳንቱ ኸርበርት ሁቨር ነበሩ። ባዶ ኪስ ወደ ውጭ ተገልብጦ ሲታይ «የሁቨር ባንዲራ» ይሉታል፤ መንገድ ዳር የሚያድር ሰው የሚለብሰውን ጋዜጣ «የሁቨር ብርድ ልብስ»።

እኔን እስካሁን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። እህል አልጠፋም ነበር! ኒውዮርክ ሰው ለዳቦና ለሾርባ ተሰልፎ፣ አዮዋ ገበሬው በቆሎውን ምድጃ ውስጥ ያነድ ነበር፤ ከከሰል ረክሶበት። የጠፋው መግዣው ነው። እኛም ጋ ልጅ ሆኜ የማልረሳው አለ። በዚያ ክፉ ቀን መንገድ ዳር ተቀምጠን፣ እህል የጫነ መኪና በደሴ በኩል ወደ አዲስ አበባ ሲያልፍ አይተናል። «ወዴት ነው የሚሄደው?» ብዬ አባቴን ጠየቅኩት። «ብር ወዳለው» አለኝ።

በመጋቢት 1933 ፍራንክሊን ሩዝቬልት ሥልጣን ያዙ። መጀመሪያ ያደረጉት ባንኮችን ሁሉ መዝጋት ነው። ከዚያ እሑድ ማታ በሬዲዮ ቀርበው፣ እንደ ጎረቤት፣ ባንክ ምን እንደሆነ ለሕዝቡ አስረዱ። ባንኮቹ ሲከፈቱ ሰው ገንዘቡን ለማውጣት ሳይሆን ለመመለስ ተሰለፈ። የተቀማጭ ዋስትናም መጣ። ሁሉም ሥራቸው ግን አላማረም። ዋጋ እንዲወጣ ብሎ መንግሥት በዚያው ዓመት ስድስት ሚሊዮን ያህል አሳማ አስገደለ፤ የበቀለ ጥጥ መልሶ አስገለበጠ። በረሃብ ዘመን!

አንዱን ሥራቸውን ግን እወድላቸዋለሁ። ሥራ ፈት ወጣቶችን ሰብስበው ዛፍ አስተከሉ፣ እርከን አሠሩ። ደመወዙ በወር 30 ዶላር ነው፤ 25ቱ በቀጥታ ለቤተሰብ ይላካል። አስፈላጊም ነበር፤ ያለ ልክ የታረሰው ሜዳ ድርቅ ሲመታው አፈሩ ተነሣ። ሚያዝያ 14 ቀን 1935 አቧራው ቀኑን ጨለማ አደረገው፤ «ጥቁር እሑድ» ይሉታል። ብዙ ገበሬ ፍራሹን መኪናው ላይ አስሮ ወደ ካሊፎርኒያ ተሰደደ። እኛም በኋላ ወሎ ተራራ ላይ በ«ምግብ ለሥራ» እርከን ስንሠራ የሚሰፈርልን የእነሱው ስንዴ ነበር። ጆንያው ግን ያኔ ላስቲክ ሆኗል፤ ለቁምጣ አይሆንም።

ጥያቄ፦ «አያቴ ‹ጣሊያን ደሴን በቦምብ ሲደበድብ የአሜሪካኖቹ ሆስፒታል ተመታ› ይሉ ነበር። እውነት ነው? አሜሪካኖቹስ ምን አደረጉ?» (ከደሴ፣ ሙጋድ)

መልስ፦ አያትህ ልክ ናቸው። ቀኑ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። የአሜሪካ አድቬንቲስት ሚሲዮን ሆስፒታል ተመትቷል። ንጉሠ ነገሥቱም ደሴ ስለነበሩ መትረየስ ላይ ሆነው ሲተኩሱ የተነሡት ፎቶ አለ። የውጭ ጋዜጠኞች እዚሁ ስለነበሩ ወሬው ወዲያው ዓለምን አዳረሰ።

የአሜሪካ መንግሥት ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በፈረንጆቹ ነሐሴ 1935፣ ለሚዋጉ አገሮች መሣሪያ እንዳይሸጥ ሕግ አውጥቶ ነበር። ለሁለቱም ወገን እኩል ነው። እኩል መባሉ ነው የሚገርመኝ፤ ጣሊያን የራሷ ፋብሪካ አላት፣ እኛ የለንም። ነዳጅ ደግሞ አልተከለከለም።

ጥቁር አሜሪካውያን ሌላ ናቸው። በዚያ ክፉ ኑሮ፣ ሲቀጠሩ መጨረሻ ሲባረሩ መጀመሪያ እየሆኑ፣ ሃርለም ውስጥ በሺዎች ለኢትዮጵያ ተሰልፈዋል። በሰኔ 1935 ጥቁሩ ቦክሰኛ ጆ ሉዊስ ጣሊያናዊውን ፕሪሞ ካርኔራን ኒውዮርክ ላይ በስድስተኛው ዙር ሲዘርረው፣ ሰው ግጥሚያውን የኢትዮጵያና የጣሊያን አድርጎት ነበር። ጆን ሮቢንሰን የሚባል የቺካጎ አብራሪ ደግሞ ከወሬ አልፎ እዚህ ድረስ መጣና የአየር ኃይላችን አዛዥ ሆነ። ከድል በኋላም ተመልሶ አብራሪዎች አሠልጥኗል። በ1954 በደረሰበት የአውሮፕላን አደጋ ሞተ፤ የተቀበረው አዲስ አበባ ነው።