ፀጉሩ ወዴት ተኝቷል?

ሰሞኑን ውሃ የማያስጠጋ ገጽ ለመሥራት የምትሞክር አንዲት የኢንጂነሪንግ ተማሪ ከደብረ ብርሃን ፎቶ ላከችልኝ። ሸካራ ፕላስቲክ ላይ ድቡልቡል ያለ የውሃ ጠብታ ቁጭ ብሏል። «ጋሼ፣ አንግሉ ከ150 ዲግሪ በላይ ሆነልኝ። ጨረስኩ ማለት ነው?» ትላለች። አንግል የምትለው የጠብታው ጠርዝ ከፕላስቲኩ ጋር የሚሠራውን ማዕዘን ነው፤ ሲበዛ ጠብታው ይበልጥ ይድቦለቦላል። «በየት በኩል ነው የሚንከባለለው?» አልኳት። አልሞከረችውም። እኔ ግን የዚያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንድ ሰው ትዝ አሉኝ።

ሥራ የጀመርኩት የሱፍ ካፖርት የሚሰፋበት ድርጅት ውስጥ ነው። ቆራጩ የመንዝ ሰው ነበሩ። ጨርቅ ሲመጣላቸው መቀስ ከማንሳታቸው በፊት በመዳፋቸው ይዳብሱታል፤ አንዴ ወደ ታች፣ አንዴ ወደ ላይ። በአንዱ በኩል ይለሰልሳል፣ በሌላው ይሻክራል። ከዚያ በጠመኔ ቀስት ያሰምሩበታል። እያንዳንዱ ቁራጭ ሲሰፋ ፀጉሩ ወደ ታች መተኛት አለበት። ገሳ የለበሰ እረኛ አይታችሁ ከሆነ ይገባችኋል፤ ዝናቡ እንዲወርድ የጓሳው ሣር ጫፉ ወደ መሬት ነው።

እንዲህ ሲቆረጥ ግን ጨርቅ ይባክናል። ኃላፊው ግማሹ እየተገለበጠ ይቆረጥ ብሎ አዘዘ። ሽማግሌው እምቢ አሉ። ስብሰባ ተጠርተው ሁለት ቁራጭ ጨርቅ ይዘው መጡ። ሰሌዳ ላይ አዘንብለው ውሃ ጠብ ጠብ አደረጉባቸው። በአንደኛው ላይ ጠብታው ሹልክ ብሎ ወረደ። በተገለበጠው ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ቆየት ብሎ ጠለቀ። «አንተ የተማርከው፣ ምንድን ነው ይሄ?» ተባልኩ። መልስ አልነበረኝም። ዩኒቨርሲቲ ማንም አላስተማረኝም። «የድሮ ሰው ወግ ነው» ተብሎ ስብሰባው ተዘጋ። ብዙም ሳይቆዩ ሥራውን ለቀቁ። ክረምት ሲገባ ካፖርቶቹ ትከሻቸው እየራሰ ተመለሱ። ሰውዬውን መልሶ የጠራቸው ግን የለም።

በፈረንጆች 2007 የቻይና ተመራማሪዎች የሞርፎ ቢራቢሮን ክንፍ አጥንተው አንድ ጽሑፍ አወጡ። ጠብታው ከገላዋ ወደ ውጭ በቀላሉ ይንከባለላል፤ ወደ ገላዋ ሲሉት ይጣበቃል። ምክንያቱ የክንፏ ቅርፊቶች ተደራርበው ወደ አንድ ወገን መተኛታቸው ነው። ሳነበው ሽማግሌው ጨርቁን ሰሌዳው ላይ ሲያዘነብሉ ታዩኝ። የት እንደደረሱ አጠያየቅሁ፤ አርፈዋል።

የሱፍ ፀጉርም ቅርፊት አለው፤ ወደ ጫፉ የተኛ። ባና፣ ማለትም የሱፍ ብርድ ልብስ፣ በሙቅ ውሃ ሲረገጥ እየጠበቀ የሚሄደው ለዚህ ነው፤ ፀጉሩ ወደ ሥሩ በኩል በቀላሉ ይንሸራተታል፣ ወደ ጫፉ መንሸራተት ግን ይከብደዋል። አጎቴ ብርድ ላይ ቆሞ ሲረግጥ እግሩ ቀልቶ እንፋሎት ይወጣው ነበር።

የዛሬ ልጆች ፎቶ ትወዳላችሁ። የቆመ ጠብታ ፎቶ ላይ ያምራል። ግን የጽጌረዳ አበባ ላይም ጠብታ ድቡልቡል ብሎ ይቆማል፤ ገልብጡት፣ አይወድቅም። ስለዚህ አንግሉ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ናሙናውን ቀስ በቀስ አዘንብሉ። ጠብታው የሚነሳበትን ዲግሪ ጻፉ። ከዚያ ናሙናውን አዙሩና ድገሙት። ልዩነቱ ነው ሥራው።

ጽሑፍ ማንበብ አታብዙ፣ መጀመሪያ በእጃችሁ ዳብሱ እላለሁ። ይሁንና እኔ ምክንያቱን ያገኘሁት ከጽሑፍ ነው። እንግዲህ እንደ ፍጥርጥራችሁ። በፈረንጆች 2016 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ስለ ኔፔንተስ የወጣውን ግን አንብቡት። ነፍሳት በሚያጠምደው በዚህ ተክል ከንፈር ላይ ውሃ ያለ ምንም ሞተር ወደ አንድ ወገን ብቻ ይጓዛል።

ውሃ እንዲገፋለት ፍሎሪን ያለበት ቅባት ቀብቶ «ሠራሁ» የሚለውን አልወድም። ቅባቱ ይታጠባል። ከዚህ ወገን የሆነው ፒፎኣ (PFOA) የተባለ ኬሚካል በፈረንጆች 2019 ስቶክሆልም ስምምነት ውስጥ፣ ማለትም የማይበሰብሱ መርዛማ ኬሚካሎችን በሚያግደው ዓለም አቀፍ ውል ውስጥ፣ ገብቷል፤ አካባቢ ላይ አይበሰብስምና። ከቀባችሁም ምን እንደቀባችሁ ጻፉ፤ ከዚያ ያልተቀባውን ናሙና ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ሁለቱንም በሁለቱም አቅጣጫ ለኩ።