ጆሮህ ደህና ነው፣ ችግሩ አልበሙ ነው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። «ሁሉም የዓመቱ ምርጥ ያለውን የሲምፎኒክ ብላክ ሜታል አልበም ደጋግሜ ሰማሁት፣ ግን አልያዝ አለኝ። ችግሩ ማዳመጫዬ ነው ወይስ እኔ? ባለ ሁለት ሸክላውን ልዩ እትም ልዘዘው ወይስ ይቅርብኝ?» ነው ያልከው። (ለማያውቀው፣ ሲምፎኒክ ብላክ ሜታል ፈጣንና ጨለማ ሜታልን ከኦርኬስትራ ድምፅ ጋር የሚያጋባ ሙዚቃ ነው።) የአልበሙን ስም ባትጠራውም የትኛው እንደሆነ ገብቶኛል። ይቅርብህ። ማዳመጫም እንዳትቀይር። እትሙ እኔ ጋ አለ፣ ስለዚህ ስማኝ።

1. ያካበዱትን ሰዎች ጽሑፍ መልሰህ አንብበው። ስንት ቫዮሊን እንደተሰለፈ፣ መዘምራኑ ስንት እንደሆኑ፣ ሽፋኑ እንዴት እንደሚያምር ይነግሩሃል። ስለ ሪፍ፣ ማለት ዘፈኑን ስለሚሸከመው ተደጋጋሚ የጊታር ሐረግ፣ ግን አንዲት መስመር የለችም። ይኼ ብቻውን ይበቃል።

2. ኦርኬስትራውን ርሳውና ጊታሩን ብቻ ተከተል። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ሞክረው። መለከቱ ከፍ ይላል፣ መዘምራኑ ይገባሉ፣ ብላስት ቢቱ (ያ እጅግ ፈጣኑ የከበሮ ምት) ይወርዳል። ከሥር ያለው ጊታር ግን ሁለት ኖታ ይዞ እሷኑ ሲፈትግ ይውላል። የኖርዌዩ ባንድ ኢምፐረሮች እ.ኤ.አ. በ1993 በርገን ከተማ ግሪግሃለን አዳራሽ ውስጥ የመጀመሪያ ሙሉ አልበማቸውን ሲቀዱ ኦርኬስትራ አልነበራቸውም፤ ያላቸው ኪቦርድ ነው። ቀረጻውም ጭጋግ የለበሰ ነው። ግን ኪቦርዱን ብታወጣው እንኳ ጊታሩ ዜማውን ይዞ ይሄዳል። የአገራቸው ልጆች ሊምቦኒክ አርቶች ደግሞ በ1996 ሁለት ሆነው፣ ከበሮውን በማሽን አስመትተው ነው ያንን ሁሉ ግርማ ያወጡት። ኦርኬስትራ ጠላ እንዳትለኝ። ሌሎቹ ኖርዌጂያን ዲሙ ቦርጊሮች በ2003 የፕራግ ኦርኬስትራ ይዘው ሲመጡ ደስ ብሎኝ ነው የሰማሁት። መለከቱና ጊታሩ አብረው ይረግጣሉ፣ አንዱ ለሌላው ቦታ ይለቃል። እዚህኛው ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጮኻል፣ ማንም ማንንም አይሰማም።

3. ማስተሪንጉ፣ ማለት ቀረጻው ከመታተሙ በፊት የድምፁ መጨረሻ ማስተካከያ። እዚህ ላይ ነው የተናደድኩት። አራተኛው ዘፈን መሀል ላይ ሁሉም ጸጥ ብሎ በገና መሳይ ነገር ብቻዋን የምትቀርበት ቦታ አለ አይደል? እዚያ ጋ ድምፁን ሳትነካ አዳምጥ። በገናዋ ልክ እንደ ብላስት ቢቱ ትጮኻለች! ከዚያ መዘምራኑ ሲገቡ ፀጉር የሚያስቆም ነገር ትጠብቃለህ፣ ከፍ የሚልበት ቦታ ስለሌለው ግን እዚያው ይቀራል። ይባስ ብሎ የእግር ከበሮው በመታ ቁጥር ቫዮሊኖቹ ወደ ኋላ ይሸሻሉ። ፋይሉን ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩት። የድምፁ ሞገድ ከፍና ዝቅ የለውም፣ ከዳር እስከ ዳር እንደ ግንብ የተደለደለ ነው።

የሞገዱን ምስል አንስቼ ለሻጩ ላክሁለት። በትህትና ነው የጻፍኩት፣ መልእክቱ አሁንም አለኝ። ሸክላው የራሱ ማስተር (ለብቻው የተስተካከለ የመጨረሻ ቅጂ) ይኖረዋል ብዬ ነበርና ያንንም ጠየቅሁ። መልሱ ሁለት መስመር። «ለሸክላውም ለዲጂታሉም አንድ ማስተር ነው። የአርቲስቱ ምርጫ ነው።» ሰላምታ እንኳ የለውም። እንግዲያው ልመልሰው ስል ደግሞ «ፕላስቲኩ ተቀዷል፣ አንቀበልም» አሉኝ። ፕላስቲኩ ሳይቀደድ ሸክላ እንዴት ነው የሚሰማው? ይህን ብዬ ብጽፍላቸው ጭራሽ ዝም። የገንዘቡ ነገር ያንገበግባል፣ ዝምታቸው ግን ባሰኝ።

የአድናቂዎቹ ቡድን ውስጥ ምስሉን ስለጥፍም ተረባረቡብኝ። «ኖርዌጂያኑን ብቻ የሚሰማ ሽማግሌ» ያለኝም አለ። ቆይቶ አንድ ድምፅ የሚቀዳ ልጅ ያንኑ ሞገድ ለጥፎ ያንኑ ነገር ሲጽፍ ግን እነዚያው ሰዎች «እውነትህን ነው» እያሉ ተሰለፉ። እኔ ቀድሜ እንዳልኩት የሚያስታውስ የለም። ግድ የለም፣ አንተ አሁን አወቅህ።

4. ሌላ ጊዜ ሸክላ ስታዝ፣ ማስተሩ ለብቻው የተሠራ መሆኑን ሳትከፍል በጽሑፍ ጠይቃቸው። ካልመለሱልህ ተዋቸው።

ከዚህኛው አልበም አንድ ነገር ላድንልህ። ስድስተኛው ዘፈን ላይ ኦርኬስትራውን አሳርፈው ሁለቱን ጊታርና ኪቦርዱን ብቻ ለቀዋቸዋል። እዚያ ሪፍ አለ፣ ጥሩ ሪፍ። ለብቻው ይሸጣል። እሱን ግዛና ሌላውን እለፈው።