አይረን እየወሰደች የደም ማነሷ ላልተሻላት ልጅ

ሰላም እህቴ። «የ8 ዓመት ልጄ የደም ማነስ አለባት ተብሎ 2 ወር አይረን ብትወስድም አልተሻላትም፤ ትል ቪታሚኗን እየበላባት ይሆን?» ብለው ለጠየቁት፣ በጅማ ዙሪያ በጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ስሠራ ካየሁት ተነሥቼ ልመልስልዎ። ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሁሉም የአንጀት ጥገኛ የሚጎዳው በአንድ መንገድ አይደለም።

የደም ማነስን በዋነኛነት የሚያስከትለው የመንጠቆ ትል ነው። እርጥብና ሞቃት በሆነ መሬት፣ ለምሳሌ በቡና ማሳ ውስጥ፣ በባዶ እግር በኩል ገብቶ በመጨረሻ ትንሹ አንጀት ላይ ይነክስና ደም ይጠባል። ከዝርያዎቹ ኃይለኛው አንድ ትል ብቻ በቀን እስከ 0.2 ሚሊ ሊትር ደም ያሳጣል። በ1 ሚሊ ሊትር ጤናማ ደም ውስጥ ወደ 0.5 ሚሊ ግራም ብረት (አይረን) ስላለ፣ 20 ትሎች በቀን ወደ 2 ሚሊ ግራም ያፈሳሉ ማለት ነው፤ ከፊሉ በአንጀት ተመልሶ ቢመጠጥም፣ ጤናማ አዋቂ እንኳ በቀን ከምግቡ የሚያገኘው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ትሉ ሳይወገድ የሚሰጥ አይረን የማይበረክተው በዚህ ምክንያት ነው።

የቪታሚን መመጠጥን በይበልጥ የሚያውከው ጃርዲያ የሚባለው በዓይን የማይታይ ጥገኛ ነው፤ የትንሹን አንጀት ሽፋን ስለሚጎዳ ስብ በሚገባ አይመጠጥም፣ ከስብ ጋር የሚገባው ቪታሚን ኤም አብሮ ይጎድላል። ወስፋትም ሲበዛ ይህንኑ ቪታሚን ይቀንሳል። ብዙ ሰው የሚወቅሰው የጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል ግን ደም በማሳነስ የሚታወቅ አይደለም፤ ቪታሚን ቢ12ን የሚሻማው ከዓሣ የሚገኘው ዘመዱ ነው።

አንድ ጊዜ በተደረገ የሰገራ ምርመራ «ምንም የለም» መባል አያሳምነኝም። በስላይድ ላይ የሚቀባው ናሙና እጅግ ጥቂት ነው፣ ጃርዲያም በየቀኑ አይወጣም፤ ስለዚህ በተለያዩ ቀናት 3 ናሙና፣ ትኩስ እንደሆነ፣ እንዲታይላት ይጠይቁ። በትምህርት ቤት የሚታደለው የአንድ ጊዜ የትል መድኃኒት አልቤንዳዞል ወስፋትን በደንብ፣ የመንጠቆ ትልን በአብዛኛው ያስወግዳል፤ ጃርዲያን ግን አያድንም፣ ሌላ መድኃኒት በሐኪም መታዘዝ አለበት።

አይረኑን ከሻይና ከቡና አርቀው ይስጧት። ጥገኛው ታክሞ አይረኑንም በአግባቡ እየወሰደች በ4 ሳምንት ውስጥ ሂሞግሎቢኗ (የደም ማነስ የሚለካበት የደም ንጥረ ነገር) በዴሲ ሊትር 1 ግራም ያህል ካልጨመረ፣ ወባን ጨምሮ ሌላ ምክንያት እንዲፈለግላት ወደ ሐኪሟ ይመለሱ።