በዘጌ የተሳሳትኩባት ቃል

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ቡና እየጠጣን ሳለ ጋዜጠኝነት የምትማር አንዲት ልጅ «ጋሼ፣ ተረትና አፈ ታሪክ በምን ይለያያሉ?» አለችኝ። ተረት ተራቹም ሰሚውም ፈጠራ መሆኑን እያወቁ የሚጫወቱት ነው፤ አፈ ታሪክ ግን ከታወቀ ሰውና ቦታ ጋር ተያይዞ፣ በእርግጥ የሆነ ነው ተብሎ ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፍ ነው አልኳት። ያልነገርኳትን ለእናንተ ልጻፈው።

በ1986 ዓ.ም. ጀማሪ ዘጋቢ ሳለሁ በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገርኩ። አንድ ሽማግሌ ከቡናው ጥላ ሥር አስቀምጠው፣ ቆሎ አቅርበው የአቡነ በትረ ማርያምን ነገር አወጉኝ፤ ቡናው፣ ጌሾውና ሎሚው በጻድቁ በረከት እንደበቀሉ፣ በዚያ ምድር በሬ ተጠምዶ የማይታረሰውም ከዚሁ የተነሳ እንደሆነ። «አያቴ እንዲህ አሉኝ» ሳይሉ አንድ ነገር አልተናገሩም። ስተው ያለፉት ነገር ካለ ወደ ኋላ ተመልሰው ያርሙ ነበር። እኔ ጀልባው እንዳያመልጠኝ ሰዓቴን አያለሁ። ጽሑፌ ላይም ሁሉን «የአካባቢው ሰዎች የሚያወሩት ተረት» ብዬ በአንድ መስመር ዘጋሁት።

ከሁለት ወር በኋላ ጋዜጣውን ይዤ ሄድኩና በኩራት አነበብኩላቸው። ያቺ ቃል ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሱ።

«ተረት አልክ?»

አያቴ «ተረት ተረት» ስትለን «የላም በረት» እያልን ነበር የምንቀበላት። ስትጨርስ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ትላለች፤ ዳቦው ግን አብዛኛውን ጊዜ አልነበረም። የቀበሮዋን ተረት በየምሽቱ በሌላ መጨረሻ ትጨርሰዋለች፤ ዋሸሽ ያላት የለም። ሽማግሌው ግን አንዲት ቃል ለመለወጥ መብት አልነበራቸውም። ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

እናንተ ደግሞ ዛሬ ሁሉንም «ትርክት» ትሉታላችሁ። «ተረከ» ከሚለው የወጣ ደህና ቃል ነው። በአፋችሁ ስሰማው ግን «ውሸት ነው» ለማለት የሰነፈ ሰው ቃል ይመስለኛል። ለቃል አትጨቃጨቁ እያልኩ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ይኸው በአንዲት ቃል ከራሴ ጋር ስጨቃጨቅ ሠላሳ ዓመት አለፈኝ።

«አዎ፣ አባባ» አልኳቸው።

ሽማግሌው አልተቆጡም። የቆሎውን ሰሐን ወደ እኔ አስጠጉና «ተረት ቢሆንማ፣ ልጄ፣ ያን ዕለት ዳቦ እጠይቅህ ነበር» አሉኝ።