የዘመድ ልጅ በአሜሪካ ማሳደግ፦ ስለ ገንዘቡ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። የዘመድ ልጅ የሚያሳድጉ ቤተሰቦችን ፎርም ሳስሞላ ዓመታት አልፈዋል። የላካችኋቸውን ጥያቄዎች የቻልኩትን ያህል ልመልስ። ዝርዝሩ ከስቴት ስቴት ይለያያል።

ጥያቄ፦ ሁለት የልጅ ልጆቼን ይዣለሁ። ጡረታሽ ከፍ ስለሚል ምንም አታገኚም አሉኝ።

መልስ፦ እማማ፣ በዚህ ተስፋ አይቁረጡ። ታኒፍ በሚባለው የጥሬ ገንዘብ ድጎማ ውስጥ ለልጅ ብቻ የሚሰጥ አለ። ለራስዎ ካልጠየቁ፣ በአብዛኛው የሚታየው የልጆቹ ገቢ እንጂ የእርስዎ ጡረታ አይደለም። አዋቂ ታኒፍ ሲቀበል ያለው የ60 ወር ገደብም አይነካዎትም። ሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) ላይም የእርስዎ ገቢ ልጆቹን አይከለክላቸውም። ፉድ ስታምፕ (የምግብ መግዣ ድጎማው) ግን የቤቱን ሁሉ ገቢ ይቆጥራል። ዝምድናውን የሚያሳይ የልደት ወረቀት ይያዙ። ብሩ ትንሽ ነው፣ አልዋሽዎትም።

ጥያቄ፦ ሶሻል ወርከሯ ደውላ «የእህትህን ልጅ ዛሬ ማታ ውሰደው፣ ፍርድ ቤት ሳንደርስ እንጨርሳለን» አለችኝ። ልፈርም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልጁን ውሰደው፤ ወረቀቱ ላይ ግን ቀስ በል። አንድ ነገር ጠይቃት፦ «ልጁ በስቴቱ ኃላፊነት ሥር ሆኖ ነው የሚመጣው ወይስ በግል ነው የምትሰጡኝ?» ልዩነቱ የትየለሌ ነው። በስቴቱ ሥር ከሆነና አንተም ላይሰንስ (ልጁን በቤትህ የማሳደግ ፈቃድ) ካወጣህ፣ እንደማንኛውም ፎስተር ወላጅ፣ ማለትም በስቴቱ ሥር ያለ ልጅ በቤቱ እንደሚያሳድግ ሰው፣ ይከፈልሃል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መስፈርቱን ያሟላ ዘመድ ከፌዴራሉ የፎስተር ክፍያ እንዳይገለል የወሰነው በ1979 ነው። በ2023 ደግሞ ስቴቶች ለዘመድ ቀለል ያለ የላይሰንስ መስፈርት እንዲያወጡ ተፈቅዷል። በግል ከወሰድከው ግን የፎስተሩ ክፍያ የለም፤ የሚቀርህ ለእማማ የነገርኳቸው ታኒፍ ነው። ብዙ ሰው «ስለ ገንዘብ ካነሳሁ ልጁን ይከለክሉኛል» ብሎ ዝም ይላል። ይሉኝታው ይገባኛል፤ ግን ከፈረምክ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ በጣም ከባድ ነው።

ጥያቄ፦ ፎስተር ነን። ሕጋዊ ሞግዚት ብንሆን ክፍያው ይቆማል?

መልስ፦ የግድ አይቆምም። የ2008ቱ የፌዴራል ሕግ ለዘመድ ሞግዚት ክፍያ ፈቅዷል፤ ስቴታችሁ በዚህ ፕሮግራም መግባቱን አረጋግጡ። ልጁ ላይሰንስ ባለው ቤታችሁ ቢያንስ 6 ተከታታይ ወር መኖር አለበት። የክፍያው ስምምነት የሚፈረመው ዳኛው ከመወሰኑ በፊት ነው። ቅደም ተከተሉን አታዛቡ።

ጥያቄ፦ እህቴ የምታሳድጋት ልጅ አባቷ ሠራተኛ ነበር፣ ሞቷል። እህቴ ምን ታድርግ?

መልስ፦ ዛሬውኑ ሶሻል ሴኩሪቲ ወደሚባለው የመንግሥት የጡረታ መሥሪያ ቤት ትደውል። አባትየው በቂ ጊዜ ሠርቶ ከሆነ ልጅቷ 18 ዓመት እስኪሞላት፣ ሃይስኩል ላይ ከሆነች ደግሞ እስከ 19 ይከፈላታል። ወደ ኋላ የሚከፍሉት ቢበዛ የ6 ወር ነው፤ ስለዚህ መዘግየት ያስከፍላል። ገንዘቡ የልጅቷ ገቢ ስለሆነ ታኒፉን ሊቀንሰው ወይም ሊያስቀረው ይችላል።

ጥያቄ፦ ታክስ ላይ ማስመዝገብ እችላለሁ?

መልስ፦ የወንድም፣ የእህት ወይም የልጅ ልጅ ከሆነና ከዓመቱ ከግማሽ በላይ አብሮህ ከኖረ፣ አዎ፣ ለልጅ የሚሰጠውን የታክስ ቅናሽ ሊያስገኝልህ ይችላል። ዕድሜው ከ17 በታች መሆን አለበት፤ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርም ያስፈልገዋል። መስከረም ላይ የመጣ ልጅ ለዚያ ዓመት አይደርስም። የአክስትህ ልጅ ልጅ ደግሞ፣ ኤጀንሲ ወይም ፍርድ ቤት ካላስቀመጠው በቀር፣ ለዚህኛው አይቆጠርም።