መልስ፦ ዳዊት በእስልምናም ነቢይ ነው ወይ?

አዎ፣ ነው። ነቢዩ ዳውድ ይባላል፤ የተሰጠው መጽሐፍም ዘቡር ነው። ቁርኣን ተራሮችና ወፎች አብረውት ፈጣሪን ያወድሱ እንደነበር፣ ብረትም እንደለሰለሰለትና ጥሩር (የብረት የጦር ልብስ) ይሠራ እንደነበር ይናገራል። በሐዲስ (የነቢዩ ሙሐመድ ንግግርና ተግባር ዘገባ) ደግሞ አንድ ቀን ይጾማል፣ አንድ ቀን ይፈታል። ዛሬም እንዲህ የሚጾሙ አሉ።

ነገሩ የሚከረው ዳዊት ከኦርዮ ሚስት ከቤርሳቤህ ጋር ባመነዘረበት ታሪክ ላይ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ኃጢአቱን ሳይሸፋፍን ያወራል። በግእዙ ቁጥር መዝሙር 50 የዚያ ንስሐ ነው። አብዛኞቹ የእስልምና ሊቃውንት ግን ነቢይ እንዲህ አያደርግም ብለው ታሪኩን አይቀበሉትም። ለእኔ ትልቁ ልዩነት ይሄ ነው።

አይሁድ መሲሑን ከዳዊት ዘር ይጠብቃሉ። ክርስቲያኖች መጥቷል፣ ኢየሱስ ነው ይላሉ፤ ማቴዎስም ወንጌሉን ገና ሲጀምር «የዳዊት ልጅ» ይለዋል።

እኛ አገር ደግሞ ስሙ ራሱ መጽሐፍ ሆኗል። «ዳዊት ደገመ» ስንል መዝሙሩን ጸለየ ማለታችን ነው። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅም ከፊደል ተነስቶ ዳዊት ላይ ይደርሳል። አያቴ ዳዊታቸውን በቆዳ ማኅደር አድርገው ግድግዳ ላይ ይሰቅሉት ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ዳዊት ንጉሥ መሆኑን የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው።